ከማኪና ግርግር እስከ ላፕቶፑ ፋን፦ ማሽን የሚሞተው መቼ ነው?

ሐረር ውስጥ ከፈረስ መጋላ ወደ ጊደር መጋላ የሚወስድ አንድ ጠባብ መንገድ አለ። ማኪና ግርግር ይባላል። ይህን ስም ያወጣው አሚርም ማዘጋጃ ቤትም አይደለም፤ ድምፅ ነው። በመንገዱ ግራና ቀኝ ልብስ ሰፊዎች ማሽናቸውን ደርድረው ሲሰፉ የሚሰማው ግርግርታ የመንገዱ መጠሪያ ሆኖ ቀረ። በጀግና፣ በወሊይ ወይም በጦር ሜዳ ስም የሚጠራ መንገድ በየከተማው ሞልቷል። በማሽን ድምፅ የሚጠራ ግን ብዙ አይገኝም።

ዛሬ በጁጎል ግንብ ውስጥ ሌላ የማሽን ድምፅ አለ። የምህንድስና ተማሪው ሥዕሉን ሲከፍት፣ የፎቶ ቤቱ ልጅ የሠርግ ቪዲዮ ሲያቀናብር፣ የቢሮው ሠራተኛ ካርታ ሲጭን ወፍራሙ ላፕቶፕ እንደ አውሮፕላን ማጓራት ይጀምራል። ጥቂት ቆይቶ ይንቀራፈፋል። ከዚያ ስክሪኑ ለአፍታ ይጠፋና ተመልሶ ሲበራ የግራፊክስ ድራይቨሩ ሥራ አቁሞ እንደነበር የሚናገር መልእክት ጥግ ላይ ይታያል። ወይም እስከነአካቴው ድርግም ይላል።

ማሽኑ አብዛኛውን ጊዜ "ስላሽ" የሚባለው ነው፤ ውጭ ሀገር አገልግሎ የመጣ። ወርክስቴሽን በሚባለው መደብ የተሠራ፣ አዲስ ሳለ ዋጋው የማይቀመስ፣ አንድ የአውሮፓ ወይም የአሜሪካ ኩባንያ ለመሐንዲሶቹ ገዝቶ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በጅምላ ያስወገደው። በዱባይ በኩል አዲስ አበባ ይገባል፤ ወይም በምሥራቁ የንግድ መስመር ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ይደርሳል። ከዚያ ሐረር ይወጣል። የገዛው ሰው አልተሳሳተም። በዚያ ገንዘብ ያን ያህል ጉልበት ያለው አዲስ ኮምፒዩተር አያገኝም።

ጥገና ሱቅ ሲወሰድ መልሱ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ "ፎርማት ይደረግ።" ፎርማት ይደረጋል። ከሳምንት በኋላ ችግሩ ተመልሶ ይመጣል።

የሚመለሰው ሁለት የተለያዩ በሽታዎች በአንድ ስም ስለሚታከሙ ነው። አንደኛው ሙቀት ነው፤ የብረት፣ የአየርና የአቧራ ጉዳይ። ሁለተኛው ድራይቨር ነው፤ የጽሑፍ፣ የፊርማና የባለቤትነት ጉዳይ። የመጀመሪያውን የሐረር እጅ ከመቶ ዓመት በላይ ያውቀዋል። ሁለተኛው ግን ለእጅ የማይገኝ አዲስ ነገር ነው። ልዩነቱን ለማየት ትንሽ ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ፣ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የራምቦ ካሜራ

ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ በ1880 መጨረሻ ሐረር ሲገባ ግጥም መጻፍ ትቶ ነበር። የመጣው ለንግድ ነው። ለቤተሰቡ በሚጽፋቸው ደብዳቤዎች ደጋግሞ የሚጠይቀው የሥነ ጽሑፍ መጽሐፍ ሳይሆን የሙያ መጽሐፍ ነበር፤ ስለ ብረት ማቅለጥ፣ ስለ አናጢነት፣ ስለ ውሃ ሥራ። በዛሬ ቋንቋ ማኑዋል ይጠይቅ ነበር ማለት ነው። በዚያ ዘመን እውቀቱ ታትሞ ይሸጣል፤ ገንዘብ ያለው ያዝዛል፤ ማንበብ የቻለ ይሠራበታል።

በ1883 ከፈረንሳይ ያዘዘው ካሜራ ሐረር ደረሰው። ራሱንም ፎቶ አነሳ። ሥዕሎቹን ለቤተሰቡ ሲልክ ግን ይቅርታ አብሮ ላከ፤ ያጠበበት ውሃ መጥፎ በመሆኑ ፎቶዎቹ ነጥተው ነበር። ካሜራው አልተበላሸም። ኬሚካሉም የታወቀ ነበር። አሠራሩ ግን የታሰበው ለሌላ ከተማ ውሃ ነው።

ሁለተኛው የራምቦ ታሪክ የበለጠ ይታወቃል። በ1887 ከ2 ሺህ የሚበልጥ ጠመንጃ በግመል አስጭኖ ሸዋ ድረስ በመሄድ ለንጉሥ ምኒልክ ሸጠ። አውሮፓ ያን ዓይነቱን ጠመንጃ ትታ ወደ አዲስ ስሪት ከተሻገረች ቆይታ ነበር። እዚያ ከአገልግሎት የወጣው እዚህ ዋጋ ያወጣል። ስላሽ የሚለው ቃል አይኑር እንጂ ንግዱ ያው ነው።

ከሁለቱ ታሪኮች ሁለት ነገር ይወሰዳል። ከሩቅ የመጣ ማሽን ለተሠራበት አየርና ውሃ እንጂ ለደረሰበት አልተዘጋጀም። የሚመጣውም ሠሪው ፊቱን ወደ ሌላ ካዞረ በኋላ ነው። የሐረር የማሽን ታሪክ እነዚህን ሁለት ነገሮች የመቋቋም ታሪክ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ፔጆ 404

የመቋቋሙን ያህል የሚመሰክር ፔጆ 404 ነው። ይህ መኪና በ1960 ገበያ ላይ ወጣ፤ ፈረንሳይ በ1975 ማምረቱን አቆመች። ባጃጅ ከተማውን ከመሙላቱ በፊት ሐረርን የጎበኘ ሰው ግን አልሞተም ብሎ ይምላል። ፋብሪካው ከተወው ከአሥርት ዓመታት በኋላም የከተማዋ ታክሲ እሱ ነበር። የውጭ ፎቶ አንሺዎች ወደ ሐረር መጥተው ከጅቡና ከጁጎል በር ቀጥሎ የሚያነሱት ይህንኑ ታክሲ ነበር።

ይህ እንዴት ሆነ? የሐረር መካኒክ ከፔጆ ኩባንያ ፈቃድ ስላገኘ አይደለም። ሞተሩ ስለሚታይ ነው። ክዳኑን ከፍቶ የሚያይ ሰው ውሃው የት እንደሚዞር፣ ቀበቶው ምን እንደሚያሽከረክር ይገባዋል። ያለቀ ዕቃ ከሌላ መኪና ይነቀላል፤ ካልተገኘ ቶርኖ ቤት ይቀረጻል። በማኪና ግርግር ያለው የስፌት ማሽንም እንደዚሁ ነው። ዘይት፣ መርፌ፣ ቀበቶ፤ የቀረው ልምድ ነው። አባት ለልጅ ያስተምረዋል።

የእነዚህ ማሽኖች ሞት የሚታወጀው በሚጠቀሙባቸው ሰዎች ነበር። ፋብሪካው ማምረት ማቆም ይችላል፤ ማሽኑን ማቆም አይችልም።

ሙቀት፦ እጅ የሚደርስበት በሽታ

ላፕቶፑ ግማሽ ጎኑ አሁንም ከፔጆው ጋር ይዛመዳል። ለምሳሌ በ2013 ገደማ የወጣውን ዴል ፕሪሲዥን ኤም4800 እንውሰድ፤ በኢትዮጵያ ገበያ ብዙ የታየ ማሽን ነው። ፕሮሰሰሩ ብቻውን 47 ዋት፣ ኳድሮ ኬ2100ኤም የሚባለው ግራፊክስ ካርዱ ደግሞ 55 ዋት ሙቀት እንዲያወጡ የተፈቀዱ ናቸው። አንድ ላይ ከ100 ዋት በላይ ነው። የድሮውን ባለ 100 ዋት አምፖል በእጁ የነካ ሰው ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ያ ሁሉ ሙቀት ከአንድ ቀጭን ሣጥን ውስጥ በመዳብ ቱቦና በትንንሽ ማራገቢያዎች መውጣት አለበት።

ሐረር ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ ስድስተኛ ያህል ይሳሳል። ፋኑ በተመሳሳይ ፍጥነት ቢሽከረከርም የሚገፋው አየር ያነሰ ነው፤ ስለዚህ ተሸክሞት የሚወጣው ሙቀትም ያነሰ ነው። ዱባይ ኤር ኮንዲሽነር ባለበት ሱቅ ሲፈተሽ ደህና የነበረው ላፕቶፕ ሐረር ሲደርስ የሚያጓራበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። እርግጥ የሐረር አየር እንደ ድሬዳዋ አያቃጥልም፤ ያ በከፊል ያካክሳል። በሐረሪ ቤት ነደባ ላይ፣ ምንጣፍና ትራስ መሀል ለተቀመጠ ላፕቶፕ ግን ማካካሻው አይጠቅምም። አየር የሚስበው ከሆዱ ነው፤ ሆዱ ተደፍኗል።

የራምቦ ውሃ ማለት ይህ ነው። ማሽኑ ጤነኛ ነው፤ ቦታው ተቀይሯል።

የዚህ በሽታ መድኃኒት በእጅ ነው፤ ቅደም ተከተል ግን አለው። መጀመሪያ ይለካል። የሙቀቱን መጠን የሚያሳይ ነፃ ፕሮግራም ተጭኖ ማሽኑ ሥራ ላይ እያለ ይታያል። ፕሮሰሰሩ ወደ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ተጠግቶ ፍጥነቱን ከቀነሰ ጥፋቱ የሙቀት ነው። 60 ዲግሪ ላይ ሆኖ ከተንቀራፈፈ ግን ፋኑን መፍታት ትርፉ ድካም ነው፤ ሌላ ምክንያት ይፈለጋል። ብዙ ሰው የማይጠረጥረው ቻርጀሩን ነው። በርካታ የዴል ላፕቶፖች የራሳቸውን ቻርጀር ካላወቁ ሆን ብለው የፕሮሰሰሩን ፍጥነት ይቀንሳሉ። ከገበያ የተገዛ ተመሳሳይ ቻርጀር ማሽኑን እንደ ኤሊ ሲያስኬደው ባለቤቱ ቫይረስ ይመስለዋል።

ሙቀት መሆኑ ከተረጋገጠ ይከፈታል። ከውጭ አየር መንፋት አይበቃም፤ አቧራው የሚቀመጠው በፋኑና በመዳቡ ክንፎች መሀል እንደ ቀጭን ብርድ ልብስ ተነጥፎ ነው። እሱ ይነሳል። ሲነፋ ፋኑ እንዳይሽከረከር በጣት ይያዛል። በቺፑና በመዳቡ መካከል ያለው ፔስት ከዓመታት በኋላ ደርቆ ይሰነጠቃል፤ ተጠርጎ በአዲስ ይተካል። ይህ የሰዓት ሥራ ነው፤ ፔጆ የጠገነ ከተማ አይከብደውም።

እጅ የማይደርስበት ሙቀት ግን አለ። ሐምሌ 2008 የግራፊክስ ቺፕ አምራቹ ኤንቪዲያ ቀደም ሲል በሸጣቸው የተወሰኑ የላፕቶፕ ቺፖች የማሸጊያ ቁስ ድክመት ምክንያት ከ150 እስከ 200 ሚሊዮን ዶላር ወጪ እንደሚይዝ ለባለ አክሲዮኖቹ አስታወቀ። ቺፑ ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ፣ ደግሞ ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ፣ ሲሊከኑን ከሥሩ ካለው ሰሌዳ ጋር የሚያገናኙት ጥቃቅን ነጥቦች ይሰነጠቁ ነበር። የዴል፣ የኤችፒና የአፕል ላፕቶፖች ተነኩ። ነገሩ አሜሪካ ፍርድ ቤት ደርሶ በ2010 በስምምነት አለቀ፤ እዚያ የገዙ ደንበኞች ጥገና ወይም ምትክ አገኙ።

ላፕቶፑን በሁለተኛ እጅ ገዝቶ ሐረር የተቀመጠ ሰው በዚያ ስምምነት ውስጥ አልነበረም። ማሽኑ መጣ፤ ካሳው አልመጣም። ጠጋኙም ቺፑን በሂት ጋን አሙቆ ስክሪኑ ሲበራለት ተደሰተ። ሙቀቱ ስንጥቁን ለጊዜው ያገናኘዋል እንጂ አያድነውም፤ ከሳምንታት በኋላ ይመለሳል። ብዙ ደንበኛና ጠጋኝ የተጣሉበት ጉዳይ ነው። ጥፋቱ የሁለቱም አልነበረም።

ድራይቨር፦ እጅ የማይደርስበት በሽታ

ድራይቨር ማለት ዊንዶውስ ወይም ሊኑክስ ከአንድ ዕቃ ጋር እንዲነጋገር የሚያስችል አስተርጓሚ ነው። ግራፊክስ ካርዱ በራሱ ቋንቋ ብቻ ይሰማል። ቋንቋውን የሚያውቀው ሠሪው ነው። አስተርጓሚው ከሌለ ካርዱ ጤነኛ ሆኖ እንደ ዲዳ ይቀመጣል።

በዚህ ጉዳይ የተቆጣው የመጀመሪያው ሰው ሐረሪ አልነበረም። በ1980 ገደማ በአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ የሚሠራው ሪቻርድ ስቶልማን አዲሱ የዜሮክስ ሌዘር ፕሪንተር ወረቀት እየነከሰ አስቸገረው። በቀድሞው ፕሪንተር ላይ ፕሮግራሙን አሻሽሎ ወረቀት ሲነክስ ለሠራተኞቹ እንዲያሳውቅ አድርጎ ነበር። በአዲሱ ላይ ግን የፕሮግራሙን ጽሑፍ ከለከሉት። ፕሪንተሩ ፊቱ ነው፤ ሙያው አለው፤ ፈቃድ የለውም። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይህ ነው። ስቶልማን በ1983 ነፃ ሶፍትዌር የሚለውን እንቅስቃሴ ሲያውጅ ይህ ፕሪንተር ከምክንያቶቹ አንዱ ነበር።

ሌላው ዓለም ችግሩን በሰፊው ያየው በ2007 ዊንዶውስ ቪስታ ሲወጣ ነው። ማይክሮሶፍት የድራይቨሩን አሠራር ስለቀየረ ትናንት ይሠራ የነበረ ፕሪንተርና ካርድ በአንድ ሌሊት ባዳ ሆነ። ኋላ በፍርድ ቤት ክርክር ይፋ በሆነ የማይክሮሶፍት ሰነድ መሠረት፣ በዚያ ዓመት ከተመዘገቡት የቪስታ መውደቆች 28.8 በመቶው ከኤንቪዲያ ድራይቨሮች ጋር የተያያዘ ነበር። ሠሪው ራሱ አስተርጓሚውን በቅጡ መጻፍ ያቃተው ጊዜ ነበር ማለት ነው። በዚያው ቪስታ፣ ባለ 64 ቢቱ ስሪት ዲጂታል ፊርማ የሌለውን የከርነል ድራይቨር አልቀበልም ማለት ጀመረ። ምክንያቱ ተንኮለኛ ፕሮግራም በድራይቨር ስም እንዳይገባ ነው፤ ትክክለኛ ምክንያት ነው። ውጤቱ ግን ሌላም ጎን አለው። ቶርኖ ቤት የተቀረጸ የፔጆ ዕቃ ፊርማ አይጠየቅም።

ከዚያ የማቆሚያው ቀን ይመጣል። በኤም4800 ውስጥ ያለው ካርድ ኬፕለር ከሚባለው ትውልድ ነው። ለዚህ ትውልድ የመጨረሻው የኤንቪዲያ ድራይቨር ቅርንጫፍ 470 የሚባለው ነበር፤ ድጋፉ በ2024 አበቃ። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል 8ኛ ትውልድ በታች ያሉትን ፕሮሰሰሮች በጥቂት ልዩ ሁኔታዎች ካልሆነ አይቀበልም፤ የኤም4800 ፕሮሰሰር 4ኛ ትውልድ ነው። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፤ ለግለሰቦች የተሰጠው ማራዘሚያ የአንድ ዓመት ነው። መዳቡ አልዛገም፣ ፋኑ ይዞራል፣ ቺፑ ያስባል። ማሽኑ ግን በወረቀት ሞቷል።

ፕሮግራመሮች እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። ኑቮ የሚባለው የበጎ ፈቃደኞች ሥራ የኤንቪዲያን ካርዶች ቋንቋ ከውጭ ሆኖ በማዳመጥ ነፃ ድራይቨር ጻፈ፤ በ2010 ወደ ሊኑክስ ከርነል ገባ። የማኪና ግርግር ሙያ በኮድ ማለት ነው፤ ክዳኑ ሳይከፈት ሞተሩን በድምፁ መለየት። ከ2014 ወዲህ በወጡ ካርዶች ግን ኤንቪዲያ ውስጣዊ ፕሮግራሙን በፊርማ ስለቆለፈ ኑቮ ፍጥነታቸውን በሚገባ መቆጣጠር ተሳነው። በ2022 ኩባንያው የከርነል ድራይቨሩን ጽሑፍ ከፍቶ አመስጋኝ አገኘ፤ የሚሠራው ግን ከ2018 ወዲህ ለወጡት ቱሪንግና ተከታዮቹ ነው። ጊደር መጋላ የሚደርሱት አሮጌዎቹ ከደጅ ቀሩ።

እስከዚያው ምን ይደረግ?

የድራይቨር ጥፋት የሚታከመውም በሥርዓት ነው። ፎርማት ከማድረግ በፊት ሙቀቱ ይጣራ፤ በሙቀት የሚሞት ካርድ ድራይቨሩን ጥፋተኛ አስመስሎ ያቀርባል። የተገላቢጦሹም አለ፤ ትክክለኛ ድራይቨር የሌለው ማሽን ሥዕሉን ሁሉ ፕሮሰሰሩ ላይ ስለሚጭን ይግላል። ድራይቨር የሚወርደው ከሠሪው ገጽ፣ ከላፕቶፑ ሆድ ላይ በተጻፈው መለያ ቁጥር ነው። ሁሉን በአንዴ እጭናለሁ የሚሉ የድራይቨር ጥቅሎች ከመፍትሔ ይልቅ ማስታወቂያና የተሳሳተ ስሪት ያመጣሉ። መጀመሪያ የቺፕሴቱ፣ ቀጥሎ የኢንቴሉ ግራፊክስ፣ ከዚያ የኳድሮው ይጫናል። የሚሠራ ስሪት ከተገኘ በፍላሽ ተቀምጦ ይያዝ፤ ዊንዶውስ በራሱ እንዳይቀይረውም ይከልከል። ከኢንተርኔት የማይጠፋ የሚመስል ፋይል አንድ ቀን ይጠፋል።

ለጽሑፍና ለትምህርት ብቻ የሚፈለግ ማሽን ከሆነ ሊኑክስ ዕድሜውን በዓመታት ያራዝምለታል። አውቶካድ ለሚፈልግ መሐንዲስ ግን ይህ መልስ አይሆንም፤ አውቶካድ ለሊኑክስ አይሠራም። እውነቱን ደብቆ ሊኑክስን እንደ ጸበል መርጨት ሰውን ማታለል ነው።

ዳኝነቱ የማን ነው?

ኩባንያዎች የሚያቀርቡት መከራከሪያ ቀላል አይደለም። ለአሥራ ሁለት ዓመት ዕድሜ ካርድ ድራይቨር መጻፍ ገንዘብ ይፈልጋል፤ አሮጌ ኮድ ለጠላፊ በር ነው። እሺ። ማንም ሠሪን ለዘላለም አገልግል ማለት አይችልም። ፔጆም 404ን ለዘላለም አላመረተም። ነገር ግን ፔጆ ማምረት ሲያቆም የመካኒኩን እጅ አላሰረም። ድጋፍ ማቆም አንድ ነገር ነው፤ ሌላው እንዳይደግፍ መቆለፍ ሌላ። የሚጠየቀው ፍትሐዊ ነገር ይህን ያህል ነው፤ ሠሪው በቃኝ ባለበት ቀን ቋንቋውን ለቀሩት ይተውላቸው። ቁልፉን ይዞ አይሂድ።

ኢትዮጵያ ውስጥም የሚጠየቅ አለ። መሥሪያ ቤቶችና ትምህርት ቤቶች ኮምፒዩተር ሲገዙ ወይም በእርዳታ ሲቀበሉ የፕሮሰሰሩን ፍጥነት ይጠይቃሉ፤ ድጋፉ መቼ እንደሚያበቃ አይጠይቁም። ድጋፉ ሊያበቃ አንድ ዓመት የቀረው መቶ ላፕቶፕ በምርቃት ሥነ ሥርዓት ሲገባ የሚመረቀው የነገ ቆሻሻ ነው። የሙያ ማሠልጠኛዎችም ፎርማት ማድረግን ጥገና ብለው ማስመረቅ ቢያቆሙ፣ መለካትን ከመፍታት በፊት ቢያስተምሩ፣ ብዙ ቤተሰብ ከከንቱ ወጪ ይድናል።

የስላሽ ንግድ አይቆምም፤ ከራምቦ ግመሎች ጀምሮ አልቆመም። ከሩቅ ያረጀ ዕቃ ይመጣል፣ የሐረር ሰው ያድሰዋል፣ ሌላ ሠላሳ ዓመት ይሠራበታል። ያ ውል የፈረሰው የሐረር እጅ ስለደከመ አይደለም። ማኪና ግርግር ዛሬም ይሰፋል። ሰፊው ማሽኑ ሲቆምበት ዘይት ያደርግበታል፣ መርፌ ይቀይራል፣ ይቀጥላል። በዚህ ቀን አበቃ የሚል ደብዳቤ ከየትም አይመጣለትም። ከእሱ ጥቂት እርምጃ ርቆ ላፕቶፑን የሚያስጠግነው ልጅ ግን ያንን ደብዳቤ ስክሪኑ ላይ ያነባል፤ ማሽኑ ገና እየሠራ።